ምላጭ የጨበጥኩበት ዓመት

ወረርሽኙ ኩዌት ሲገባ ባያን በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ቤት ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሥራዬ የታወቀ ነው፤ ወለል፣ መስኮት፣ ልብስ፣ ወጥ ቤት። የአሠሪዬን የማዳምን አባት የሚንከባከበው ሌላ ሰው ነበር፤ አንድ ሕንዳዊ አስታማሚ። እሱ ለእረፍት አገሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋና እዚያው ቀረ። ማዳም አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባቴን የምትይዢው አንቺ ነሽ አለችኝ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኔም እምቢ ማለት አልፈለግኩም።

ሽማግሌውን ቤቱ ሁሉ ባባ ዖድ ይላቸዋል፤ ትልቁ አባት ማለት ነው። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቁመታቸው የረዘመ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው አሕመዲ ነዳጅ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያ እንኳ በግራ ነው የሚይዙት። አንድ ነገር ግን አልተዉም ነበር። ስስ ጺማቸውን ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ አስቀርተው ጉንጫቸውንና አንገታቸውን ሁልጊዜ ይላጫሉ። በየሁለት ቀኑ አስታማሚው፣ በየሳምንቱ ደግሞ ቤት ድረስ የሚመጣ ፀጉር አስተካካይ ይላጫቸው ነበር። አሁን አስታማሚው የለም፤ ፀጉር ቤቶችም በትእዛዝ ተዘግተዋል።

መጀመሪያ የሞከረችው ማዳም ራሷ ናት። በስልኳ አዝዛ ባለ አምስት ምላጩን፣ ጭንቅላቱ እየተነቀለ የሚቀየረውን ዘመናዊ መላጫ አስመጣች። አረፋውን ከቆርቆሮ ነፍታ የአባቷን ጉንጭ ቀባችና መላጨት ጀመረች። ፀጉሩ ወፍራም ነው፤ ቆዳቸው ደግሞ በእርጅና እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቷል። መላጫው ሲይዝባት ትጫናለች፤ ስትጫን እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ግማሹን ሳትጨርስ እንባዋ መጣና መላጫውን ለእኔ ሰጥታኝ ከክፍሉ ወጣች።

ስለዚህ እኔ ቀጠልኩ። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻያቸውን አስቀምጬ ከመውጣት በቀር አጠገባቸው ቆሜ አላውቅም፤ አሁን አገጫቸውን በጣቶቼ ይዤ ጉንጫቸው ላይ ስለት አሳርፋለሁ። እሳቸው ኮርኒሱን ያያሉ፤ እኔ በማስኬ ውስጥ ትንፋሼን እቆጥባለሁ። ሁለታችንም አፍረን ነበር።

ለሦስት ሳምንት ያህል በዚያ መላጫ ላጨኋቸው። ባወቅኩት መጠን ተጠነቀቅኩ፤ ግን አንገታቸው በየቀኑ ባሰበት። ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ሽፍታው ነጭ አፍ አበጀ፤ የልብሳቸው ኮሌታ አንገታቸውን ሲነካው ያቃጥላቸዋል። ማዳም ሐኪሙን በስልክ አገኘችውና ፎቶ ላከችለት። የተቆረጠው ፀጉር ወደ ውስጥ ተመልሶ እያደገ ነው፤ ደግሞም ደም ማቅጠኛ ስለሚወስዱ ባይላጩ ይሻላል፤ ጢሙ ይደግ አለ።

ጢሙ አደገ። ባባ ዖድም ከክፍላቸው መውጣት አቆሙ። በፊት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ባለችው የሲድር ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ እሱን ተዉት። ምሳ ሳቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ ወስደው ሳህኑን ይገፋሉ። አንድ ቀን ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ሙአዚኑ የለመድነውን ትቶ "በየቤታችሁ ስገዱ" ሲል፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ለጸሎት ነው ብዬ ልወጣ ስል፣ ወደ መስተዋቱ እያመለከቱ በፎጣ ሸፍኚው አሉኝ። ሸፈንኩት። ማዳም ነገሩን ስነግራት፣ አባቴ እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ ተላጭተው ነው እንግዳ የተቀበሉት አለችኝ።

ነገሩ የተለወጠው በመጋረጃ ምክንያት ነው። የክፍላቸው መጋረጃ ጠርዙ ተፈትቶ ስለነበር አሮጌውን ስፌት ልተረትረው እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። መቀስ ክሩ ሥር አይገባም። አገር ቤት ሳለን ለዚህ ሁሉ ምላጭ ነበር የምንጠቀመው። ጥፍር የሚቆረጠው በምላጭ ነው፤ ትምህርት ቤት እርሳስ የሚቀረጸው በግማሽ ምላጭ ነው፤ የእናቴ የስፌት ሣጥን ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ ጠፍቶ አያውቅም። እኔም ከሰፈራችን ባቃላ፣ ከጥጉ ሱቅ፣ አንድ ፓኮ ገዝቼ ነበር። አንዱን ከወረቀቱ አውጥቼ ክሩን መበጠስ ስጀምር ባባ ዖድ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ።

ይህን ከየት አመጣሽው ብለው ጠየቁኝ። ከባቃላ አልኳቸው። እስካሁን ይሸጣል ወይ አሉ። የእኛው ሱቅ አለው አልኳቸው። ምላጩን ተቀብለው በግራ እጃቸው ወደ ብርሃኑ አነሱት፤ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው፣ መሐሉ የተፈለፈለ፣ ቀጭን ምላጭ ነው።

"አርባ ዓመት የተላጨሁት በዚህ ነው፤" አሉ። "አንድም ቀን አንገቴ አልቆሰለም።"

ከዚያ የልብስ ቁም ሣጥናቸውን ታችኛ መሳቢያ እንድከፍት አዘዙኝ። ከድሮ መነጽሮችና ከሰዓት ማሰሪያዎች ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘሁ። ውስጡ መላጫ ነበር። ከብረት የተሠራ፣ ሲይዙት የሚከብድ፤ የእጀታው ጫፍ ሲዞር አናቱ እንደ መስኮት ለሁለት ይከፈታል፤ ምላጩ መሐሉ ይተኛና ተመልሶ ይዘጋበታል። አሕመዲ ሥራ በያዙ በመጀመሪያው ዓመት እንደገዙት ነገሩኝ። ልጆቻቸው ዘመናዊውን እስኪያመጡላቸው ድረስ ሌላ አያውቁም ነበር። በሆምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ሳሸው ከዝገት የጸዳ ሆኖ ወጣ።

ማዳም ስትሰማ ተቆጣች። ለቁጣዋ ምክንያት ነበራት። በአረብኛ ሙስ የሚሉት ይሄ ምላጭ በደም ማቅጠኛ በሚኖር ሰው አንገት ላይ እንዴት ይሄዳል? ደሙ አልቆም ቢል በዚህ ወቅት ሆስፒታል መውሰድ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ባባ ዖድ ፊቱ የእኔ ነው አሉ። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

"ትችያለሽ?" አለችኝ።

እስከዚያ ዕለት ድረስ ማዳም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። አድርጊ ነው የምትለው፤ እችላለሁ ወይስ አልችልም የሚባል ነገር አይነሳም። አሁን ግን መልሴን ቆማ ጠበቀች።

"አሁን አልችልም፤" አልኳት። "ሁለት ሳምንት ስጪኝ፤ እማራለሁ።"

የሚያስተምረኝ ሰው ነበረኝ። በጸሎት ኅብረታችን አብራኝ የምታመልክ እህት ማንጋፍ በሚባለው ሰፈር የሴቶች ሳሎን ውስጥ ትሠራ ነበር። ሳሎኑ ሲዘጋ ከሌሎች ሰባት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ውስጥ ተቆልፋ ተቀምጣለች፤ ዓርብ ዓርብ በስልክ እንጸልያለን። ቆዳና ፀጉር የእንጀራዋ ነገር ነው። በቪዲዮ ደውዬ የባባ ዖድን አንገት ፎቶ አሳየኋት። ገና ስታየው ገባት። አምስቱ ምላጭ ተከታትሎ ሲሄድ ፊተኛው ፀጉሩን ይስበዋል፣ ኋለኛው ከቆዳው በታች ይቆርጠዋል፤ ሲያድግ መውጫ ያጣል አለችኝ። አንድ ስለት ብቻ ከሆነ ግን ከቆዳው እኩል ይቆርጠዋል። ቀጥሎ የነገረችኝን እስከ ዛሬ ለሌላው እናገራለሁ።

"እህቴ፣ ምላጭ ጉልበት አይወድም። ክብደቱን ለራሱ ተዪለት፤ አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው።"

መለማመጃ የመረጠችልኝም እሷ ናት። ኮክ ግዢ አለችኝ፤ ልሙጡን ሳይሆን ጸጉራሙን። ኮክን ሳትቆርጪ ጸጉሩን ካነሳሽለት የሰው ቆዳም አያቅትሽም አለች። ያኔ ወደ ጀምዒያ፣ ወደ ሰፈሩ የኅብረት ሱቅ፣ የሚገባው በስልክ ቀጠሮ ተይዞ ነው፤ የሚሄደውም የማዳም ባል ነበር። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ኪሎ ኮክ ጻፍኩ፤ ማንም ለምን አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ሲል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮኩን በሳሙና አረፋ ቀብቼ እላጭ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ተገሸለጡ። ስድስተኛው ላይ መላጫውን ከእጀታው ጫፍ፣ በሦስት ጣት ብቻ መያዝ ጀመርኩ፤ ያኔ ክብደቱ ራሱ መሥራት ጀመረ። ዘንበል የሚልበትን ልክ አገኘሁት፤ በጣም ከተጋደመ ይፍቃል፣ በጣም ከቆመ ይዘላል፤ መሐል ላይ ልኩን ሲያገኝ ደግሞ ቀጭን የመላጨት ድምፅ ይሰጣል። በሳምንቱ መጨረሻ አንድም ጭረት የሌለበት ኮክ አወጣሁ። ማዳም ፍሪጁን ከፍታ የተላጩትን ኮኮች በሳህን ላይ ተደርድረው ስታይ፣ ምን ሆነው ነው ብላ ጠራችኝ። ስነግራት አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ቁስል ፍለጋ ሁሉንም ዙሪያውን አየችው። ከዚያ ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ኮኩን በላችው፤ ለኔም ሰጠችኝ።

ከኮኩ በኋላ የራሴን ክንድ፣ ከዚያ እግሬን ላጨሁ። ማታ ማታ ደግሞ ባባ ዖድ ራሳቸው ያስተምሩኝ ነበር። ጢማቸው የጣት ውፍረት ያህል አድጎ ለምላጭ ስለሚያስቸግር መጀመሪያ በመቀስ አሳጠርኩት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እንድዳስሰው አደረጉኝ። ፀጉር ሁሉ ወደ ታች አያድግም። ጉንጫቸው ላይ ወደ ታች ይተኛል፤ አገጫቸው ሥር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከግራ ጆሯቸው በታች ደግሞ እንደ አናት ጠጉር ክብ ይሠራል፤ ከፊሉም ወደ ላይ ያድጋል። ለካ ያ ሁሉ ሽፍታ የወጣው እዚያ ቦታ ላይ ነው። እኔም ማዳምም ከላይ ወደ ታች እየገፋን፣ የሚያድግበትን ሳንጠይቀው ነበር የምናርሰው። ያን ዕለት በብዕር ወረቀት ላይ ፊት ሣልኩና ፀጉሩ የሚሄድበትን በቀስት አሰመርኩ። ወረቀቱን መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ቀኑ ሲደርስ ማዳም በር ላይ ቆመች። ስልኳን በእጇ ይዛለች፤ አምቡላንስ ልትጠራ እንደተዘጋጀች ገባኝ። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ ፊታቸው ላይ አኖርኩ፤ ፀጉሩ እስኪለሰልስ ድረስ ጠበቅኩ። የጢም ብሩሽ ስላልነበረን ኬክ ላይ ቅቤ ከምንቀባበት ብሩሽ አዲሱን ወስጄ ነበር። የወይራ ሳሙናውን በሳህን ውስጥ እስኪወፍር መታሁት። በቆርቆሮ የሚነፋው አረፋ አየር ነው፤ ይሄኛው እንደ እርጎ ይከብዳል። ቀባኋቸው። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣሁ። መላጫው ውስጥ አስተኝቼ ዘጋሁበት።

በግራ እጄ ቆዳውን ወጠርኩና ከጆሯቸው ጀመርኩ። አጭር፣ ደግሞ አጭር። ከእያንዳንዱ በኋላ መላጫውን በውኃ አጠብኩት። የቀኝ ጉንጫቸው አለቀ። የግራው አለቀ። አንገታቸው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ቀና ብዬ አየሁ፣ እንደ ቀስቱ ወደ ጎን ሄድኩ። ከጆሮ ሥር ያለው ክብ ቦታ ላይ ግን እሳቸው ምራቃቸውን ሲውጡ ቆዳው ተነሳና ምላጩ ነካው። ቀይ ነጠብጣብ መጣ፤ ከዚያ በአረፋው ላይ ወረደ።

ማዳም አንድ እርምጃ ገባች። ባባ ዖድ ግራ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። በአረብኛ ሸባ የሚሉት፣ ደም የሚያቆም፣ እንደ በረዶ ያለ ነጭ ድንጋይ አላቸው፤ ከመሳቢያው ውስጥ ከመላጫው ጋር ያገኘሁት ነው። አርጥቤው ቁስሉ ላይ ያዝኩት። ቆጠርኩ። ያን ጊዜ ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም፤ ግን ሳነሳው ደሙ ቆሞ ነበር። የገብስ ቅንጣት የምታህል ቁስል ናት።

"ቀጥዪ፤" አሉኝ ባባ ዖድ። "ግማሽ ፊት ይዤ ልትተዪኝ ነው?"

ጨረስኩ። በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኳቸው፣ አደረቅኳቸው፣ ፎጣውን ከመስተዋቱ ላይ አነሳሁት። ለረጅም ጊዜ አዩ። ግራ ጉንጫቸውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው አንገታቸውን። ኩዌቶች ለተላጨ ሰው "ነዒማን" ይላሉ፤ ምቾት ይሁንልህ እንደማለት ነው። ማዳም ከበሩ ላይ ሆና ነዒማን ባባ አለቻቸው። እሳቸው ግን መልሱን ትተው በመስተዋቱ ውስጥ እኔን አዩኝና ብንቲ፣ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሲድሯ ሥር ተቀመጡ፤ ምሳቸውንም እዚያው በሉ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አንገታቸው ጸዳ። ማዳም ለሐኪሙ አዲስ ፎቶ ላከችለት፤ ምን ቅባት ተጠቀማችሁ ብሎ ጠየቀ። ምንም ቅባት አልነበረም። ባለ አምስት ምላጩን መላጫ ማን እንደጣለው አላውቅም፤ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እኔ ደግሞ በየሁለት ቀኑ እየላጨሁ ቀለል አለኝ። ወሬ ጀመርን። ስለ አሕመዲ ያወሩልኛል፤ ስለ አገሬ ዝናብ ይጠይቁኛል። ስላጭ ዝም ማለት ያለባቸው ቦታ ላይ ጣቴን አነሳለሁ፤ እሳቸውም ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ይገርመኝ ነበር። ቤቱን ሁሉ በአንድ ቃል የሚያስነሱ ሰው በእኔ ጣት ዝም ይላሉ።

የሰዓት እላፊው ተነስቶ ሰው መገናኘት ሲጀምር የባባ ዖድ ዲዋንያ፣ ከግቢው በር አጠገብ ያለው የወንዶች መቀበያ ክፍል፣ ተከፈተ። ወዳጆቻቸው ማስክ አድርገው ተራርቀው ተቀመጡ። እኔ ሻይ ይዤ እስከ በሩ ነው የምሄደው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስገባው ወንድ ነው። ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ እኛ በእነዚያ ወራት ያልተሸለተ በግ መስለን ነበር፤ አንተ ግን እንዴት እንዲህ ሆንክ፣ ማነው የሰዓት እላፊውን ጥሶ የመጣልህ ፀጉር አስተካካይ አሏቸው። ሌሎቹ ሳቁ።

ባባ ዖድ ግን አልሳቁም። "ጥሶ የመጣ የለም፤" አሉ። "ፀጉር አስተካካዬ እዚሁ ቤት ነው የምትኖረው።"

የምትኖረው እንጂ የሚኖረው አላሉም። የሻይ ትሪውን ይዤ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ሸጋላ፣ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ስድብ አይደለም፣ እውነትም ሠራተኛ ነኝ። ግን ሰው በሙያው ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ያን ዕለት አወቅኩ። ፀጉር ቤቶች ከተከፈቱ በኋላም የድሮው ፀጉር አስተካካይ ደውሎ ነበር። ባባ ዖድ ፀጉሬን ቁረጥልኝ፣ ጢሜን ግን አትንካው ብለው መለሱለት።

በሚቀጥለው ዓመት ክትባቱን ወስጄ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታድሶ፣ ሁለት ወር እረፍት አገኘሁ። ከመሄዴ አሥር ቀን በፊት ማዳም እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በእጇ የኮክ ከረጢት ይዛለች።

"አስተምሪኝ፤" አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብሩሹን እንዴት እንደምትመታ፣ ምላጩን እንዴት እንደምታስገባ አሳየኋት። ልማዷ አለቀቃትም፤ መላጫውን እንደ ቢላ ጨበጠችው። የእጅ አንጓዋን ይዤ አላላሁት። ደሞዜን የምትሰጠኝ ሴት እጅ ነው፤ ግን ያኔ የተማሪ እጅ ነበር፣ እሷም እንደ ተማሪ ተስተካከለች። አራት ኮክ ገሸለጠች። ተስፋ አልቆረጠችም። በስምንተኛው ቀን የአባቷን ቀኝ ጉንጭ ብቻዋን ላጨች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እጄን ኋላ አጣምሬ ነበር፣ እንዳላግዛት። ባባ ዖድ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ወደ ልጃቸው እያዩ ነበር የተላጩት።

አገሬ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ላይ ፎቶ መጣ። እናቴ ጎን ተቀምጬ ከፈትኩት። ባባ ዖድ ከሲድሯ ሥር፣ ጉንጫቸው እየበራ፣ የላይ ከንፈራቸው ጺም እንደ መስመር ተስተካክሎ። እናቴ እኚህ ማናቸው አለችኝ። አሳዳሪዬ ናቸው፣ ጢማቸውን የምላጨው እኔ ነኝ፤ ይሄን የላጨችው ግን ያስተማርኳት ልጃቸው ናት አልኳት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ አራቀችና አየች፤ ጥሩ ተማሪ ነች አለች።

እኔ ደግሞ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከግራ ጆሯቸው በታች፣ ያ ክብ ቦታ ላይ፣ ጥቂት ፀጉር ቀርቷል። ለማዳም ድምፅ ላኩላት፤ በጣም ቆንጆ ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ግን የሚላጨው ከታች ወደ ላይ ነው አልኳት።